ግልባጭ ለሟች አይሰጥም

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ጠዋት ሞቼ ተገኘሁ። የተገኘሁትም በገዛ ግቢዬ የቆርቆሮ በር ላይ፣ አራት ማዕዘኔን በሙጫ ተለጥፌ ነው።

ወረቀቱን እንዳለ ልገልብጠው። «የሟች» ይልና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠርቶ፣ «ወራሽ፦ በአፈጻጸም መዝገብ ቁጥር 4417 በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ቤቱንና ግቢውን በዘጠና ቀን ውስጥ ለፍርድ ባለመብት ለቅቀው እንዲያስረክቡ።» የፍርድ ባለመብት የተባለው አጥር የምንጋራው ባለ ጋራዥ ነው። እኔ ማርሽ እለዋለሁ። ግቢያችንን ሲመኝ ዓመታት አልፈዋል።

ሳቄ መጣ። ምራቴን ጠርቼ «ነይ፣ የቀብሬን ማስታወቂያ አንብቢልኝ» አልኳት። ከደጃፉ ሳትወርድ «ስህተት ነው አባባ፣ ይቅደዱት» አለች። ዓይኗ እንዴት ፈጣን ነው! ካለችበት ሆና ጽሑፉንም አየችው፣ ስህተት መሆኑንም አየችው።

ልጄ ከሥራ ሲመለስ አሳየሁት። «ነገ አጣራለሁ» አለ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። የቤት ስሙ ኤሊ ነው፤ ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ኤሊ ነገ ካለ የዛሬ ዓመት ማለቱ ነው። ራሴ እሄዳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ጢም ባለ አውቶቡስ ውስጥ ያልከፈለውን ሰው ከአንገቱ አቀማመጥ የማውቅ ሰው አንድ መዝገብ ያቅተኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

አቃተኝ።

ፍርድ ቤት። ሰልፍ። የመረጃ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቁጥሩን ስትሰማ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና «ይሄ የአፈጻጸሙ ነው፤ ክርክሩ ያለው ዋናው መዝገብ ላይ ነው» አለች።

«ዋናው መዝገብ የት ነው?»

«ቁጥሩን ሲያመጡ እነግርዎታለሁ።»

«ቁጥሩ የት ነው?»

«ዋናው መዝገብ ላይ።»

ሴት ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ እንዲህ ያለች ትሆን ነበር፤ እንኳንም አልኖረችኝ።

ከአጥሩ ውጪ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ አለ። እሱ ነው ያስተማረኝ። «አባቴ፣ አፈጻጸም ጅራት ነው። ራሱን ለማግኘት ጅራቱን ይሳቡ። የአፈጻጸሙን መዝገብ አስወጥተው የመጀመሪያውን ገጽ ይዩ፤ ፍርዱ ተያይዟል፣ ከራስጌው ላይ ዋናው ቁጥር አለ። እሱ እንቢ ካለ የየዓመቱን የስም ዝርዝር ይጠይቁ። ሲፈልጉ ግን በከሳሹ ስም ይፈልጉ።»

«በራሴ ስም ብፈልግስ?»

«መዝገብ የሚጠራው በከሰሰው ነው። የተከሰሰ ሰው ‘እነ’ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።»

«ለመሆኑ ሙት ደንበኛ ገጥሞህ ያውቃል?» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ብዙ፤ ግን እንደ እርስዎ አያወሩም» አለ። ወደድኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ቸኩያለሁ። የአፈጻጸሙ መዝገብ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ነው አሉ። ሰኞ ና።

ምራቴ ጓዳ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ሁለት መኝታ ነው... ሦስተኛ ፎቅ... አይ፣ እሳቸው ደረጃ አይችሉም።» ደረጃ የማይችሉት እናቷ ይሆናሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔማ እችላለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጅራቱን ስቤ ራሱን አገኘሁ! ዋናው ቁጥር 2965። ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነው፤ ስለዚህ ምድር ቤት፣ የተዘጉ መዛግብት ክፍል። እዚያ ካፖርት የለበሰች፣ በአቧራ የምታስነጥስ ሴትዮ አለች። እትዬ አቧራ ብያታለሁ፤ ፊት ለፊቷ።

«ግልባጭ ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ከሳሽ ነዎት ተከሳሽ?»

«ተከሳሽ።»

መዝገቡን ገለጠች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደገና ገለጠች። «ተከሳሹ ሞተዋል ይላል። እርስዎ ማነዎት?»

«ሟቹ።»

አልሳቀችም። «ግልባጭ የሚሰጠው ለተከራካሪ ወይ ለወራሽ ነው።»

«ለሟችስ?»

«ሟች እስከዛሬ ጠይቆን አያውቅም። ፍርዱ በግልጽ ችሎት የተነበበ ስለሆነ ማንም ሰው እዚሁ ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል። ሌላውን ገጽ ለማየት ግን ለሬጅስትራሩ ማመልከት ነው፤ ምን ጥቅም እንዳለዎት ጽፈው። አለዚያ ወራሽዎን ይላኩት።»

ተቀምጬ ፍርዱን አነበብኩ። ሁለት ገጽ ነው። ማርሽ ግቢው የአባቱ ነበር ብሎ ከሶኛል። እኔ በመሞቴ ወራሽ ተተካልኝ። ወራሹ ከማርሽ ጋር ታረቀ፤ ቤቱን ሰጠ፣ ለራሱ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትማ ወሰደ። ፍርድ ቤቱ እርቁን መዘገበና ፋይሉን ዘጋ። የተዘጋበት ቀን መጋቢት 12፣ የዳኛዋ ፊርማ በሰማያዊ ቀለም፣ ማኅተሙ በግራ በኩል ትንሽ ተንጋዷል።

የወራሹን ስም አላነበብኩትም። መነጽሬን ረስቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ክፍሌን ትጋራኛለች። ዛሬ ጫማዋን እያሰረች «አባባ፣ ብቻዬን ስተኛ ማን ያንኮራፋልኛል?» አለችኝ።

«ለምን ብቻሽን ትተኛለሽ?»

አፏን በሁለት እጇ ያዘችና ሮጠች። ልጅ ብዙ ነገር ያልማል።

ኤሊን የግልባጭ ማመልከቻ ፈርምልኝ አልኩት። ልጄ ነህ፣ ለሚጠይቁህ ወራሽ ነኝ ትላለህ፣ አለቀ። «በዚህ ሳምንት ሥራ ይበዛብኛል» አለ። ፊቱ እንደ ታጠበ ሸሚዝ ነጣ። ይህ ልጅ ደም ማነሱን መታየት አለበት።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

እንግዶች ነበሩ፤ የምራቴ ወንድምና ሚስቱ። የአውቶቡሱን ታሪክ አወራሁላቸው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አወራዋለሁ። ኤሊ ሦስተኛ ክፍል እያለ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እኔ የምቆርጥበት አውቶቡስ ላይ ወጣ። ሳንቲሙን ጥሎታል። «አባዬ» አለኝ። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ «የማን ልጅ ነህ? አላውቅህም። ውረድ!» አልኩት። አውቶቡሱ በሙሉ አውካካ። ቀልዴን ነበር፤ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ተው ተቀመጥ ልለው ነበር። እሱ ግን እውነት መስሎት ወረደ፣ በእግሩ መጣ፣ ሲመሽ ቤት ደረሰ። ኤሊ ያልኩት ያን ዕለት ነው።

የምራቴ ወንድም ሳቀ። ልጄ ሳህኑን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ራፖር ጸሐፊው ማመልከቻዬ ላይ «ጥቅም» በሚለው ቦታ ምን ልጻፍ ሲለኝ «በሕይወት መኖር» በል አልኩት። ሬጅስትራሩ መታወቂያዬን አገላብጦ አገላብጦ አየና ፈቀደ። መዝገቡን በሙሉ፣ እትዬ አቧራ ፊት፣ እርሳስ እንኳ ሳልይዝ አነበብኩት። አሁን ቤት ገብቼ ከጭንቅላቴ ነው የምጽፈው።

ገጽ 7። የመጥሪያ አድራሽ ሪፖርት። «ተከሳሹ ቤት ሄጄ በር የከፈቱልኝ አንድ ሽማግሌ ተከሳሹ የት እንዳለ ስጠይቃቸው ‘ከሞተ ሰነበተ፣ አንተም ቶሎ ካልሄድክ ትከተለዋለህ’ ስላሉኝ መጥሪያውን መልሻለሁ።»

አስታወስኩት። ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ቦርሳ ያነገተ። የሚሸጥ ነገር ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። ስሜን ሲጠራ ሁሌ የማደርገውን አደረግሁ። ወሬው ጥሩ ስለመሰለኝ ምሳ ላይ ለነኤሊ አወራሁላቸው። ያን ቀን ምራቴ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። «ምን የያዘ ወረቀት ነበር አባዬ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እንጃ፣ አልኩት።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የኔው አፋፍ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል።

ገጽ 11። የወራሽ ቃል። «አባቴ ባለፈው ክረምት ሞቷል። በምን ሞተ ተብሎ ሲጠየቅ፦ ድንገት። ብዙ ሰው አልቅሶለታል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፦ እምብዛም።»

ስም ይመሳሰላል። በዚህ ከተማ የልጄ ስም ያለው፣ የኔ ስም አባቱ የሆነ፣ የአባቴ ስም አያቱ የሆነ ሰው አይጠፋም።

ገጽ 14። ምስክር። «ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ዝናብ ነበር።» ይህን ያለው የዳማ ጓደኛዬ ነው። ትናንት ከሰዓት ሁለት ጨዋታ የረታሁት።

እትዬ አቧራ መዝገቡን ከፊቴ ስታነሳ «ውሃ ልስጥዎት?» አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

ዳማውን ደርድሬ ጠበቅሁት። አንድ ጠጠር አንቀሳቅሼ «ቀብሬ ላይ ጃንጥላ ይዘህ ነበር ወይስ በሰበስክ?» አልኩት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። «ልጅህ ለወረቀት ነው አለኝ።»

«ዝናቡንስ ማን ጨመረው?»

«ዳኛዋ አየሩ እንዴት ነበር አለችኝ፣ ምን ልበል?» ጠጠሮቹን በክንዱ ጠረገ። «ደግሞ አትቆጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ረትተኸኝ አንድ ቀን ዝም ብለህ አልተነሳህም። ‘በግ’ ትለኛለህ፣ ያውም ሰው ፊት። አንድ ቀን ብትሞት ምን አለበት ብዬ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ማርሽ ያውቃል፣ ምራቴ ታውቃለች፣ በጉ ያውቃል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታውቃለች። መሞቴን ሳልሰማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ነገርኩት። ምሳ ላይ፣ ሁላችንም ተቀምጠን። ገጽ 11ን በቃሌ አነበብኩለት፤ «እምብዛም» የሚለው ላይ ስደርስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አባዬ፣ ሞቷል ያልከው አንተ ነህ።»

«ቀልድ ነዋ!»

«አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ቀልድ ነው። አውቶቡሱ ቀልድ ነው። ሠርጌ ላይ ‘ሙሽራዋ ምን አጥታ ነው?’ ያልከው ቀልድ ነው። እኔ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ያልከውን እንዳልከው ወሰድኩልህ።»

«እኔንስ የት ልትጥሉኝ ነበር?»

«የአረጋውያን ማረፊያ ቦታ ይዘንልሃል። አትክልት አለው።»

ምራቴ «ቴሌቪዥንም አለው አባባ» አለች።

«አትክልቱ የተተከለ ነው ወይስ የተቀቀለ?» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ እንኳ።

«እኔ ማርሽን ተከራክሬ እረታዋለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት» አለ ልጄ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብረታልህ ደግሞ እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር...» አልጨረሰውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ራፖር ጸሐፊው አስረዳኝ። ፍርዱ ይነሳልኝ ብዬ ማመልከት እችላለሁ፣ ግን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ወር ብቻ ነው ያለኝ። «ሌላም ነገር አለ አባቴ። ሕያው ነኝ ካሉ፣ ሞቷል ያለው ሰው ዋሽቷል ማለትዎ ነው። ቃለ መሐላ ላይ የልጅዎን ስም እጽፋለሁ። ዳኞች ይህን አይተው ዝም አይሉም፤ ለዓቃቤ ሕግ ይመሩታል። በሐሰት መሐላ ይታሰራል።»

«ስሙን ሳንጠራ አይሆንም?»

«ስሙን ካልጠራን እርስዎ እንደሞቱ ይቀራሉ።»

ጣቶቹን የጽሕፈት መኪናው ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። አንድ አውቶቡስ አለፈ።

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ያንን ቤት በሌሊት ፈረቃ ነው የሠራሁት። ሚስቴ የሞተችው እዚያ ነው። ደግሞ እሱ ራሱ ነው የጀመረው። ደግሞስ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይለቁታል። ደግሞስ...

«ጻፍ» አልኩት። ፈረምኩ። ፊርማዬ አምሮ ወጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ችሎት። ዳኛዋ ልጄን አስቁማ «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አለችው።

አየኝ። አላውቃቸውም ቢል ሊያመልጥ ይሞክራል፤ አውቃቸዋለሁ ቢል አለቀለት። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዝምታው ሲረዝም አፌ በላኝ። «ክብርት ዳኛ፣ ጊዜ ይስጡት፤ ኤሊ ነው» አልኩ።

ችሎቱ ሳቀ። ጸሐፊዋ ሳቀች። ማርሽ እንኳ ጥርሱን አሳየ። እንዲህ ያለ ሳቅ ካገኘሁ ስንት ዓመቴ!

በሳቁ መሃል ልጄ «አባቴ ናቸው» አለ። «ናቸው» አለ፤ አንተ ብሎኝ ያደገ ልጅ።

ፍርዱ ተነሳ። ቤቱ ተመለሰልኝ። ፖሊሱ እጁን ሲይዘው ሰዓቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። ወደ እኔ አልዞረም። ኮሪደሩ ስለተጨናነቀ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ምራቴ ልጅቷን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። ልጅቷ ትራሷን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ «አባባ፣ አባቴ አንተ ያልከውን አይደል የደገመው?» አለችኝ።

«አየሽ፣ ኤሊ ቤቱን በጀርባው ነው የሚሸከመው፤ የትም ቢያስሩት ቤት አያጣም» አልኳት።

ለምን አልኩ? ሌላ ነገር ልል ነበር። አፌ ከኔ ይቀድማል።

ሳትስመኝ ወረደች።

ሰኞ፣ ጥር 7

ሰባት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። የሚጻፍ ነገር የለም። ቤቱ ሰፊ ነው። የማርሽ ጋራዥ ይቀጠቅጣል። በጉ ዳማ መምጣት አቁሟል።

ዛሬ ምራቴ መጣች። ከስታለች። ልጄ ጥፋተኛ ተብሏል፤ የቅጣት ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ራፖር ጸሐፊው ያዘጋጀውን አንድ ገጽ ወረቀት ይዛለች፦ «አባቱ ነኝ። በደሉን ይቅር ብዬዋለሁ። ለጥፋቱ መነሻ የሆነው የኔው ንግግር ነው። ቅጣቱ እንዲቀልለት እለምናለሁ።» ይህ ከገባ በገደብ ሊለቁት ይችላሉ አለች።

«እስቲ ላንብበው፤ ያላነበብኩትን መፈረም ለምዶብኛል እንዴ?» አልኳት።

«እባክዎ አባባ።»

«ነገ ነይ።»

ገና ከግቢው ሳትወጣ ፈረምኩት። አጣጥፌ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እሷ አታውቅም። ትንሽ ትለማመጠኝ፤ ልጅቷንም ይዛት ትመጣ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

መጣች። ልጅቷን አላመጣችም። «‘እለምናለሁ’ የሚለው አልጣመኝም፤ ላስብበት» አልኳት። አለቀሰች። ልሰጣት እጄን ኪሴ ድረስ ከትቼ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 9

በሩ ላይ ቆማ «ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?» አለች። «ነገ ችሎት እመጣለሁ፣ እዚያ ታዪዋለሽ» አልኳት። ሁሉም ፊት ቆሜ ከኪሴ አወጣዋለሁ። ፊታቸውን ማየት ነው! ልጄም ያየኛል።

በሩን ክፍት ትታ ሄደች።

ሐሙስ፣ ጥር 10

ሦስት ወር ስመላለስ በሰዓቱ የተሰየመ ችሎት አንድም ቀን አላየሁም። ሁለት ተኩል ካሉ አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጺሜን ተላጨሁ፣ ጫማዬን አስጠረግሁ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ኮሪደሩ ላይ ምራቴ የለችም። ችሎቱ ውስጥ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መኪና ይከራከራሉ።

መዝገብ ቤት ወረድኩ። እትዬ አቧራ ከሌላው ክፍል አስመጥታ ገለጠችልኝ። «ዛሬ በሰዓቱ ነው የተሰየሙት። ውሳኔ ተሰጥቷል።»

«ስንት?»

«ሁለት ዓመት ከስድስት ወር። ‘ማቅለያ አልቀረበም’ ይላል።»

ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፍኩላት። አነበበችው። ታች የጻፍኩትን ቀን አየች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን አየች።

«ሰኞ ነው የፈረሙት?»

«ሰኞ።»

ለምን አላለችኝም። ብትለኝ አንድ ነገር እል ነበር፤ ምን እንደምል አላውቅም። «ፋይሉ ተዘግቷል፤ ከፈለጉ አያይዤ አስቀምጠዋለሁ» አለች። ገቢ የሚለውን ማኅተም መታችበት፣ በሳችው፣ ከመጨረሻው ገጽ ኋላ አሰረችው።

«አሁን ማን ያነበዋል?» አልኳት።

«ቁጥሩን ይዞ የጠየቀ ሰው። የወንጀል መዝገብ ደግሞ በተከሳሹም ስም ይፈለጋል።»

እንግዲህ ልጻፈው። መዝገብ ቁጥር 6082፣ ገጽ 43። የልጅ ልጄ አድጋ ከፈለገችው እዚያ ነው። ስትጠይቅ የኔን ስም አትጥራ፤ በአባቷ ስም ነው የተከፈተው።